የአባቴን የሕይወት ታሪክ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። 38 ዓመቴ ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐውልቱ ይመረቃል፤ የሕይወት ታሪኩን ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። በ1969 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ውትድርና ገባ። ኦጋዴን ዘመተ፣ ከዚያ ሰሜን ሲዋጋ ኖሮ በ1983 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ነው ያሳደገን። እናቴ «ጀግና፣ ቤተሰቡን አፍቃሪ ብለሽ ጻፊ» ትላለች። የ46 ዓመቱ ወንድሜ ደግሞ «ቀበቶውን ካልጻፍሽ አልመጣም» ብሏል። እኔን አባዬ አንድ ቀን እንኳ መትቶኝ አያውቅም። እንዲያውም የሌሊት ጥበቃ አድሮ ሲገባ ሳይተኛ ዩኒፎርማችንን በከሰል ካውያ ይተኩስልን ነበር። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

እስኪ መጀመሪያ ዕድሜያችሁን እንቁጠር። አባትሽ ጠቅልለው ሲገቡ ወንድምሽ 12 ዓመት ገደማ ነበር። እስከዚያ ድረስ አባት ማለት ለሱ በፈቃድ መጥቶ የሚሄድ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ነው። ከእናቱ ጋር ወፍጮ ቤት የሚሄደው፣ ማታ በሩን የሚቀረቅረው እሱ ነበር። የቤቱ ወንድ። አንድ ቀን በቅጡ የማያውቀው ሰው ገባና ማዘዝ ጀመረ። አንቺ ያኔ የ4 ዓመት ልጅ ነሽ። የሚወሰድብሽ ቦታ አልነበረም፤ አባት መጣልሽ። እሱም አልዋሸም፣ አንቺም አልተሳሳትሽም።

የመጡትስ ሰው ማን ነበሩ? ግንቦት 1983 ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን ማዕረጉም ደሞዙም በአንድ ሰሞን ቀረ። «የደርግ ወታደር» መባል እንደ ስድብ ሆነ። የትናንቱ አሥር አለቃ ለምኖ የበላበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ከጦርነት የተመለሰ ሰው አደጋው ማለፉን ሰውነቱ ቶሎ አያምንም። ጎማ ሲፈነዳ ይደነብራል፣ ሌሊት ይባንናል። ግንባር ላይ ሰው በሰዓቱ ካልተመለሰ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃላ፤ ልጅ ሲያመሽበት ቁጣው ልክ ያጣል። ይሄ ቀበቶው ከየት እንደመጣ ሊያሳይ ይችላል። ልክ ነበር ማለት ግን አይደለም። ለወንድምሽ ስታወሪው ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትዘያት፤ አለበለዚያ «ጠበቃው ሆንሽ?» ይልሻል።

እናትሽንም አትጋፊያቸው። 14 ዓመት ሬዲዮ እየሰሙ የጠበቁ ሴት ናቸው። «ጀግና» ሲሉ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ አልጠበቅሁም ማለታቸውም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። የኛ አገር የሕይወት ታሪክ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስሙን ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል። ሁሉም ሟች ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። አንቺ እነዚህን ቃላት ተያቸውና ያደረጉትን ጻፊ። በስንት ዓመታቸው እንደዘመቱ፣ የት የት እንደነበሩ፣ ተመልሰው ምን ሠርተው እንዳሳደጓችሁ። በሕይወት ያለ የጦር ጓደኛ ካላቸው ፈልጊው። በ20 ዓመታቸው ግንባር ላይ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበሩ ከናንተ ማንም አያውቅም። ካውያዋን ደግሞ አደራ። ሌሊቱን ቆሞ አድሮ የልጅ ሱሪ የሚተኩስ ዘበኛ ሲነበብ እናትሽ የፈለጉት «አፍቃሪ» እዚያው አለ።

ቀበቶው መቃብር ላይ በማይክ የሚነበብ አይመስለኝም። ግን እንዲህ የሚል ነገር አስገቢ፦ «14 ዓመት ከቤታቸው ርቀው ኖረዋል። ሲመለሱ እርስ በርስ መላመዱ ከባድ ነበር፤ በተለይ ለታላቁ ልጃቸው።» ወንድምሽ ራሱን ይሰማበታል። ሌላው ሰው ብዙም ላያስተውል ይችላል።

ይህን ከመጻፍሽ በፊት ግን ለብቻው አግኚው። እናንተ ቤት አይሁን፤ እናትሽ ባሉበት አፉን አይከፍትም። ቡና ጋብዢውና ምን እንደሆነበት ጠይቂው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚ። «እኔን ግን...» የምትለዋን ዋጫት፣ ለሌላ ቀን። 34 ዓመት የያዘውን ነው የሚያወራሽ፤ በአንድ ስኒ ላያልቅ ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳው ወይም መጠጥ የሚያበዛ ከሆነ ባለሙያ እንዲያይ አበረታችው።

ረቂቁን ለሱ አስቀድመሽ አንብቢለት። «ይሄ ይውጣ» ካለ አውጪው። ያም ሆኖ አልመጣም ካለ አትለማመጪው። ሐውልቱ የትም አይሄድም፤ አንድ ቀን ብቻውን ሄዶ ሊያየው ይችላል።