ሽፔትስለ፦ ሊጡ ለምን ውሃ ውስጥ ይበተናል?

የደቡብ ጀርመኑን የእንቁላል ፓስታ በቤታቸው መሥራት የጀመሩ አንባቢዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የወጥ ቤት ዓምዳችን የሰጠው መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። ሽፔትስለ ስሠራ ሊጡ የፈላ ውሃ ሲነካው ይበተንና ውሃው ይደፈርሳል። ዱቄት ስጨምርበት ደግሞ ጠጥሮ አይበላም። መጠኑን ብትነግሩኝ።

መልስ፦ ዱቄት መጨመሩን ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ ሊጡ የሚበተነው ዱቄት አንሶት ሳይሆን በደንብ ስላልተመታ ነው። ለአራት ሰው 400 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። እርስዎ ባሉበት አገር ከረጢቱ ላይ 405 የሚል ቁጥር ያለው የተለመደው ዱቄት ይሆናል። ለሽፔትስለ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ሻከር ስለሚል አይጓጉልም፤ ካገኙት እሱን ይምረጡ።

መጀመሪያ 120 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ያፍስሱና ሊጡን በማማሰያ ከሥር ወደ ላይ እየሳቡ ለ10 ደቂቃ ያህል በኃይል ይምቱት። ክንድ ያደክማል፣ ግን ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአካባቢዎ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ማንኪያ ይሸጣል፤ ሊጡ በቀዳዳው ስለሚያልፍ መምታቱ ይቀላል፣ አየርም ይገባበታል። ሊጡ ፊቱ ላይ አረፋ ሲያወጣና ከሳህኑ ጎን መላቀቅ ሲጀምር ግሉተኑ፣ ማለትም ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ፕሮቲን፣ ተሳስሯል። ውሃ ውስጥ ቅርጹን የሚይዘው ይህ ግሉተንና ሲበስል የሚረጋው እንቁላል ነው። ማንኪያውን ሲያነሡት ሊጡ እንደ ወፍራም ማር እየተሳበ በዝግታ መውረድ አለበት። ቶሎ ቶሎ ከተቆረጠ ወፍሯልና ውሃ በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። ከዚያ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ዱቄቱ ውሃውን የሚጠጣው ያኔ ነው።

ሌላው ጥፋት ከውሃው ነው። ቢያንስ 3 ሊትር ይጣዱ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር 10 ግራም ጨው ያድርጉ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀነስ አድርገው በቀስታ ሲንተከተክ ሊጡን ይጨምሩ፤ የሚገነፍል ውሃ ያልረጋውን ሊጥ ይቆራርጠዋል። ጥቂት ጥቂት ይሥሩ፣ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አንድ ደቂቃ ጠብቀው በጭልፋ ያውጡት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ሊጡን በቀዳዳዎች እየገፋ የሚያወጣው የሽፔትስለ መጭመቂያ የለኝም። በምን ልሥራው?

መልስ፦ ጥንታዊው መንገድ መጭመቂያ አይፈልግም። ጠርዙ ቀጠን ያለ መክተፊያ በውሃ ያርጥቡ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሊጥ ወደ ጠርዙ ስስ አድርገው ይዘርጉ፣ ረጅም ቢላዋ እየነከሩ ቀጫጭን አድርገው ወደ ድስቱ ይግፉት። ወጣ ገባ ያለው ቅርጽ ሶስ ስለሚይዝ እኛ ከመጭመቂያው ይልቅ ይህን እንመርጣለን። እጅዎ እስኪለምድ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ማጥለያ ማሳለፍም ይቻላል፤ የሚወጣው ክብ ክብ ያለው ክኖፍለ ነው። ማጥለያውን ከእንፋሎቱ ከፍ ያድርጉ፣ አለዚያ ሊጡ ቀዳዳው ውስጥ በስሎ ይዘጋዋል። እቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡ፤ ሙቅ ውሃ የተጣበቀውን ሊጥ ያበስለዋል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል 4 ሳይሆን 5 ወይም 6 ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከቅርፊቱ ወጥቶ ወደ 200 ግራም ይመዝን። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና ከተንሳፈፈ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ቺዝ ስጨምርበት ዘይት ይለያል፣ ይተረተራል።

መልስ፦ እሳቱ በዝቶበታል። ለዚህ መጠን 250 ግራም የተፈቀፈቀ ኤመንታል ቺዝ፣ ወይም ግማሹን ኤመንታል ግማሹን ግሪዬር፣ ትኩስ ሽፔትስለ ላይ በየድርቡ ይነስንሱና ምድጃ ውስጥ በ150 ዲግሪ እስኪቀልጥ ብቻ ያቆዩት። ላዩ ላይ በቅቤ ቡኒ እስኪሆን የተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ይጨመራል፤ ሽንኩርቱን አይቸኩሉበት።

ጥያቄ፦ በጾም ያለ እንቁላል ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። 300 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት)፣ ጨው፣ ለቀለም ቁንጥር እርድ፣ ወደ 280 ሚሊ ሊትር አምቦ ውሃ። እንቁላል ስለሌለው መምታቱንም ማሳረፉንም ያርዝሙ። የሽቱትጋርት አካባቢ ሰዎች የሆኑት ሽቫቤኖች ሽፔትስለን ከምስርና ከቋሊማ ጋር ይበሉታል፤ ቋሊማው ሲቀር፣ ምስሩ በዘይት ሲሠራ ለጾም ይስማማል።

ጥያቄ፦ የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ አጥልለው፣ ትንሽ ዘይት ከቀቡት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን። በማግስቱ ውሃ ውስጥ አይመልሱት፤ በመጥበሻ ላይ በቅቤ ጠርዙ እስኪቀላ ይጥበሱት።