ጠይቁን፦ የስዊድኖቹ ጨለማ በጎጃም ፀሐይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ወንጀል ነክ ተከታታይ ድራማ እየቀረጽን ነው። መነሻችን «ብሮን» («ድልድዩ» ማለት ነው) የተባለው የስዊድንና የዴንማርክ ድራማ ነው። ቀዝቃዛውን መልክ ለማምጣት ኤዲቲንግ ላይ ሰማያዊ ስንጨምር ተዋናዮቻችን አመድ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ምን አጠፋን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥራውን ከመጨረሻው ጀመራችሁት። የዚያን መልክ ግማሽ የሚሰጣቸው ሰማያቸው ነው። ድራማው የሚካሄድባት የስዊድኗ ከተማ ማልሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 55.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከጎን ይመጣል። በዚያው ወቅት ባሕር ዳር ላይ 55 ዲግሪ ትወጣለች፣ በሚያዝያ አጋማሽማ አናት ላይ ናት። ያኔ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ግንባርና አፍንጫ ይነጣል። እንዲህ ያለ ምስል ሰማያዊ ቢቀባ ይቆሽሻል እንጂ አይቀዘቅዝም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቀረጻ ሰዓታችሁን ቀይሩ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የቤት ውስጥ ትዕይንት ቅረጹ፤ የደጁን ለጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ አቆዩት። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልስላችኋል፤ ለዚህ ዓይነት ድራማ ጎጃም ውስጥ ከክረምት የተሻለ ወቅት የለም ባይ ነን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመጣው ሰማያዊ ድንግዝግዝታ ማልሞ ላይ በታኅሣሥ 45 ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ እኛ ዘንድ ግን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ልምምዱን ቀድማችሁ ጨርሱና ለዚያች ሰዓት በቀን አንድ ትዕይንት ብቻ መድቡ።

ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ምስሉን ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ ቀለም የሚያስይዝበትን ማስተካከያ) አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፤ በእጅ 4500 ኬልቪን አድርጉት። የቀን ብርሃን 5600 ገደማ ስለሆነ ምስሉ በልኩ ይቀዘቅዛል። አመድ ያስመሰላቸው ሰማያዊውን ፊታቸውም ላይ ስለጫናችሁት ነው። ኤዲቲንግ ላይ የቆዳውን ቀለም ለይታችሁ ጠብቁ፤ ሰማያዊው ለጥላውና ለጀርባው ብቻ ይሁን። ጠይም ፊት ከጨለማ ተለይቶ የሚወጣው በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው፤ ፓውደር አታብዙበት፣ ከጎን በኩል ነጭ አንሶላ ወጥሩለት። «ጨለማ ይሁን» ብላችሁም ብርሃኑን አሳንሳችሁ አትቅረጹ። ፊቱን በደንብ አብርታችሁ ቅረጹና ኤዲቲንግ ላይ አውርዱት፤ በጨለማ የተቀረጸ ምስል በኋላ ብርሃኑ ሲጨመር በነጠብጣብ ይሞላል።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚቀረጸውን የምስል ብዛት) ከ30 ወደ 25፣ ሻተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ወደ 1/50 ሰከንድ ቀይሩ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ አለዚያ አምፖል ባለበት ክፍል ሁሉ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሊንሸራተት ይችላል።

ጥያቄ፦ ታሪኬን አባይ በረሃ ድልድይ ላይ ብጀምረው «ብሮንን ቀዳ» አልባልም? (ከደጀን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድልድዩን መጠቀምዎ አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው ሬሳውን እንዳለ ቢወስዱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረው በዚያ ድራማ ስዊድንንና ዴንማርክን የሚያገናኘው ድልድይ መብራት ይጠፋል፤ ሲበራ ሬሳ በትክክል የድንበሩ መስመር ላይ ተጋድሟል። ከወገብ በላይ ያለው የስዊድናዊት ፖለቲከኛ፣ ከወገብ በታች ያለው የሌላ ሴት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የሁለቱም አገር ፖሊስ «ጉዳዩ አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። ወዲያው አንድ አምቡላንስ በሽተኛ ይዞ ልለፍ ሲል ዴንማርካዊው መርማሪ ይፈቅዳል፣ ስዊድናዊቷ መርማሪ ትከለክላለች። የሁለቱ ጠባይ በዚያች አንዲት ውሳኔ ተነገረ። ሐሳቡ አገር እንደማይገድበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ታይቷል፤ አሜሪካኖች ወደ ሜክሲኮ ድንበር፣ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ወደ ባሕር ሥር ዋሻ ወሰዱት።

በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የሕዳሴ ድልድይ የሚሻገር ሰው ከአማራ ክልል ወደ ኦሮሚያ ይገባል። ሁለቱን ወገን መርማሪ አንድ ላይ የሚያስር የራስዎን ምክንያት ይፈልጉ። ለምሳሌ ደጀን ላይ ሙሉ የነበረ ጭነት ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ይጎድላል፤ መኪናው ግን መንገድ ላይ አልቆመም።

ስዊድናዊውም ዴንማርካዊውም በየቋንቋው እንደሚናገር ሁሉ የርስዎም ገጸ ባሕርያት አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይናገሩ። የኦሮምኛውን ቃለ ተውኔት ከአማርኛ አያስተርጉሙት፤ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ጸሐፊ ከመነሻው ይጻፈው። የግርጌ ጽሑፉ ከሁለት መስመር፣ መስመሩም ከ25 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሁለት መስመር ሲሞላ ቢያንስ 4 ሰከንድ ይቆይ። ድልድዩ ላይ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ግን በሁለቱም ክልል በኩል የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። የውሸት መሣሪያም ሆነ የሬሳ አሻንጉሊት ካለ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጠቀስ፤ የቀረጻውንም ቀንና ሰዓት የአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ይወቀው።