የሃዋይ ጉትቻ ለምን ይለያል?

ጥያቄ፦ እልቆ መሳፍርት ክቦችን በአንድ ነጥብ ብናጋጥም «የሃዋይ ጉትቻ» ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም? (የሒሳብ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ አይደለም፣ መምህር። ሰሌዳ ላይ ሲሳሉ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጉትቻው ክቦች ሁሉ በአንድ ነጥብ የሚነካኩ ሲሆን ሬዲየሳቸው 1፣ 1/2፣ 1/3 እያለ ያንሳል፤ ስለዚህ በመጋጠሚያው ዙሪያ የቱንም ያህል ጠባብ ክልል ብንወስድ፣ ከተወሰኑ ክቦች በቀር ሌሎቹ በሙሉ ውስጡ ይገባሉ። በ30 ደቂቃ ትልቁን፣ በ15 ሁለተኛውን፣ በ7½ ሦስተኛውን እያልን በ1 ሰዓት ሁሉንም ብንዞር መንገዱ አይቆራረጥም። ውበቱም እዚህ ላይ ነው! እርስዎ በጠየቁት ተራ ጥምረት (ክቦችን በአንድ ነጥብ ማጋጠም ብቻ) ግን በየክቡ ላይ ክልሉን እንደፈለግን ማጥበብ ስለምንችል፣ አንድ መንገድ ዞሮ የሚጨርሳቸው ክቦች የተወሰኑ ብቻ ናቸው። የዚህኛው ፈንዳሜንታል ግሩፕ (ከመጋጠሚያው ተነስተው ወደዚያው የሚመለሱ መንገዶች ስብስብ፤ ሳይቆረጡ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡት እንደ አንድ ይታያሉ) ተቆጣሪ ነው፣ ማለትም አባላቱን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያልን መደርደር ይቻላል፤ የጉትቻው ግን አይቆጠርም። ስለዚህ በሆሞቶፒም (ሳይቆርጡ በመለጠጥና በመጨመቅ ቅርጽን መለወጥ) አቻ አይሆኑም።