የልምምድ ደብተርህን ይዘህ ግባ

ሰላም ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ጉዳይህን ባጭሩ ላስቀምጠው። የበቆጂ ልጅ ነህ። በሩጫ ስኮላርሺፕ አሜሪካ ከመጣህ ይኸው አራተኛ ዓመትህ ነው። ኪኔሲዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ፣ ትማራለህ። አምና የቀኝ ቅልጥምህ አጥንት ተሰንጥቆ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ተቀመጥክ። ከመቦዘን ብለህ ላብራቶሪ ገብተህ ፕሮፌሰርህን ማገዝ ጀመርክ፤ ሥራውን ወደድከው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ትፈልጋለህ። ግን “እኔ ሯጭ ነኝ፤ ማን ፕሮፌሰር ያደርገኛል?” ትላለህ። ዴንቨር ያለው የአጎትህ ልጅ ትራክ ንዳ ይልሃል። እናትህ ደግሞ በደወልክ ቁጥር “እግርህ ዳነልህ ወይ?” ነው የሚሉህ።

ከጥያቄህ ልጀምር። ሯጭ ሆኖ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው አለ ወይ? አለ፤ ጎረቤታችን ነው። ኬንያዊው ማይክ ቦይት እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር ነሐስ አገኘ። ከዚያ ጉልበቱ በደራበት ጊዜ ሁለት ኦሎምፒክ አመለጠው። በ1976 ኬንያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ቀረች፤ የእኛም ምሩፅ ይፍጠር በዚያው ምክንያት ቀርቷል። ምሩፅ በ1980 ሞስኮ ላይ በሁለት ወርቅ ተካሰ። ኬንያ ግን ከሞስኮም ስለቀረች ቦይት ምንም ሳያገኝ ቀረ። ሰውየው ታዲያ እንዳንተ አሜሪካ እየሮጠ የተማረ ነበር። ኢስተርን ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እስከ ዶክትሬት ዘለቀ። አገሩ ተመልሶም በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነ። አንድ ነገር ልብ በልልኝ። መማር የጀመረው መሮጥ ሲያቆም አይደለም። እየሮጠ ነው የተማረው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር አለች። ከበቆጂ ጀምሮ የልምምድ ማስታወሻ ትይዛለህ፤ ስድስት ደብተር ሞልተሃል። ፎቶ አንስተህ የላክልኝን ገጽ አየሁት። “ጠዋት የልብ ምት 44። 18 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች። እንቅልፍ 6 ሰዓት። ቀኝ ቅልጥም ትንሽ ሕመም።” በማግስቱም ያው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ “መርገጥ አቃተኝ።”

አንተ ይህን የላክልኝ ያሳለፍከውን እንድረዳልህ ነው። እኔ ግን የምርምር ጥያቄ ነው ያየሁበት። አጥንት ከመሰንጠቁ ከስንት ቀን በፊት ሰውነት ይናገራል? እንቅልፍ ሲያንስ ቶሎ ይመጣል ወይ? ሯጩ ሕመሙን እየጻፈ ለምን ለአሰልጣኙ አይናገርም? የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው። ስኮላርሺፑ እንዳይቀርበት የፈራ ልጅ ሕመሙን እንደሚደብቅ አንተ ኖረህበታል። ያልኖረበት ተመራማሪ ጥያቄውን ራሱ ላያስበው ይችላል።

የአገራችን ደጋም እንዲሁ የምርምር ጥያቄ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለካ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሂሞግሎቢናቸው መጠን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ግን ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ይህ ነገር ገና ብዙ የሚያስጠይቅ ነው፤ አንተ ደግሞ በዚያ አየር ያደግክ ልጅ ነህ። ፕሮፌሰርነት ማለት በመጀመሪያ አንድን ጥያቄ ለዓመታት ይዞ አለመልቀቅ ነው። ስድስት ደብተር የሞላ ሰው ይህን አይችልም አትበለኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያ ማስተርሴን “ተቀበሉኝ” ብዬ በደስታ፣ ማን እንደሚከፍል ሳልጠይቅ ገባሁበት። ዕዳው ለዓመታት ተከተለኝ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለአንተ የምነግርህም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንዳንተ ባሉ የሳይንስ መስኮች ለዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ አይከፈልም። የፈለገህ ዲፓርትመንት አሲስታንትሺፕ ይሰጥሃል። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ታስተምራለህ ወይም ላብራቶሪ ትሠራለህ። እነሱ ደግሞ የትምህርት ክፍያህን ይሸፍናሉ፤ በየወሩ የምትኖርበት ገንዘብም ይሰጡሃል። ጠባብ ኑሮ ነው፣ ግን ዕዳ የለበትም። ማስተርስ ነው ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚሆነው።

አንተ ግን ለማስተርሱም መንገድ አለህ። በጉዳቱ ምክንያት አንድ የውድድር ዓመት እንደሚቀርህ ጽፈሃል። የመጀመሪያ ዲግሪህን ይዘህ ማስተርስ እየተማርክ በዚያ ዓመት መወዳደር ይቻላል፤ ስኮላርሺፑም ክፍያውን ሊሸፍንልህ ይችላል። አሰልጣኝህ ያንን ዓመት የሚፈልገው ለቡድኑ ነው። አንተ ለትምህርትህ ፈልገው። በቃል ብቻ ግን አትስማማ። ስንት ሴሚስተር እንደሚሸፈንልህ በጽሑፍ ይስጥህ። ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለተኛውን ዓመት ማን እንደሚከፍል ሳታውቅ አትፈርም።

ስለ ትራኩ። ትራክ ነድተው ቤተሰብ ያቆሙ ብዙ ወንድሞች አሉን፤ ሥራው የሚከበር ነው። ያንተ የተማሪ ቪዛ ግን አይፈቅድልህም። ቅዳሜና እሑድ የጎዳና ሩጫ ሮጠህ የሽልማት ገንዘብ መቀበልም ጣጣ ሊያመጣብህ ይችላል። ከመሮጥህ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮንም አሰልጣኝህንም ጠይቅ። ቢሮውን ሌላም ጠይቅልኝ። ከተመረቅክ በኋላ ኦፒቲ የሚባለው የተማሪ ቪዛ የሥራ ፈቃድ በተማርክበት መስክ 12 ወር ያሠራሃል። የትምህርት መስክህ በስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዝርዝር ውስጥ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመርልሃል። ኪኔሲዮሎጂና ኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂ ስማቸው ቢቀራረብም የሚመዘገቡበት ኮድ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ማስተርስ ከመምረጥህ በፊት ኮዱን እወቅ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራልና የጓደኛህን ያምናውን ልምድ ይዘህ አትወስን።

መንገዱ ረጅም መሆኑን አልደብቅህም። ዶክትሬቱ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ፖስትዶክ የሚባል ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ይሠራሉ። ረዳት ፕሮፌሰር ስትሆን ሠላሳውን አልፈሃል። ቴኑር የሚባለው ቋሚነት የሚታየው ደግሞ ከገባህ በስድስተኛው ዓመት አካባቢ ነው። አጀንክት የሚባለውን ቅጥር በተለይ ተጠንቀቅ። በኮርስ ሂሳብ ነው የሚከፈልህ፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ይኑር አይኑር አታውቅም። ለልምድ አንድ ሁለት ኮርስ ጥሩ ነው። ኑሮ ልመሥርትበት ካልክ ግን ያደክምሃል። የምትወደው ማስተማሩን ብቻ ከሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በማስተርስም ይቀጥራሉና እሱንም አስብበት።

እንግሊዝኛህን ፈርተሃል። “ክፍል ፊት ስቆም ቃሉ ይጠፋብኛል” ብለሃል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ለአዲስ ገቢ ሯጮች ስለ ከፍታና ስለ ኦክስጅን የምታስረዳው አንተ እንደሆንክ ጽፈሃል። ይህ ማስተማር ነው እኮ! ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ የመጡ አስተማሪ ረዳቶችን በንግግር ይፈትናሉ፤ ሥልጠናም ይሰጣሉ። ከአሁኑ በሳምንት አንድ ቀን ለቡድንህ ልጆች አሥር ደቂቃ ቆመህ አስረዳ። በስልክህ ቅዳና ራስህን ስማው።

ለእናትህ እውነቱን ንገራቸው። እግርህ እየዳነ እንደሆነ፣ ለአንድ ዓመት ትሮጥ ይሆናል፣ ከዚያ ግን አስተማሪ ልትሆን እንደምታስብ። ምን ያህል መላክ እንደምትችልም ከአሁኑ ተነጋገሩ። እየተደበቀ የሚኖር ጭንቀት እንደዚያ ቅልጥም ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቃል።

ዘንድሮ የሚሠራው ብዙ አይደለም። የዶክትሬት ማመልከቻ በአብዛኛው ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የምርምር ሥራቸውን የወደድክላቸው አምስት ስድስት ፕሮፌሰሮች ምረጥ። ለእያንዳንዳቸው አጭር ኢሜይል ጻፍ። ሥራቸውን አንብበህ የመጣብህን ጥያቄ ጻፍላቸው፤ ሙገሳውን ተወው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትላክ፤ ወዲያው ይታወቃል። የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። አንዱን አሰልጣኝህ ቢጽፍልህ ጥሩ ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የሚሠራ ሰው መሆንህን የሚመሰክርልህ እሱ ነው። ዋናው ግን የላብራቶሪው ፕሮፌሰርህ ደብዳቤ ነው። እሳቸው ሐሳብህን እስካሁን እንደማያውቁ ጽፈህልኛል። አራት ወር አብረሃቸው ሠርተህ!

ፕሮፌሰርህ ማክሰኞ ኦፊስ አወር፣ ተማሪ ቢሯቸው ገብቶ የሚያነጋግራቸው ሰዓት፣ አላቸው ብለኸኛል። ሦስተኛውን ደብተር፣ ቅልጥምህ የተሰነጠቀበትን፣ ይዘህ ግባ። ገጹን ገልጠህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸው። በአማርኛ የጻፍከውን አንተው ታነብላቸዋለህ።