ሬገን ያልመጣባት አሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

«ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ጨዋታ ለምትወዱ፣ በገባሁት ቃል መሠረት ይኸው መጥቻለሁ። ጉዳያችን ከ1960ዎቹ በኋላ የአሜሪካ ፖለቲካ ወደ ወግ አጥባቂው ወገን ባያጋድል ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር የሚለው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። የትኛው ፓርቲ ይሻላል የሚል ክርክር ያማረው ሰው ዛሬ አይሳካለትም፤ ድምፅ ነው የምንቆጥረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ «የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ሪፐብሊካኑ ሬገን በ1980 ባያሸንፍ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እርስዎም ከዚያ ይነሣሉ?

መልስ፦ 1980ማ ጅብ ከሄደ ነው። የዚያ ዓመት የዋጋ ግሽበት 13.5 በመቶ ነበር፤ ቴህራን ላይ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ታግተዋል። ሬገን ወንበሩ ላይ የነበረውን ዴሞክራቱን ካርተርን በኤሌክቶራል ኮሌጅ (እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በተመደበለት ድምፅ ፕሬዚዳንት በሚመርጥበት ሥርዓት) 489 ለ49 ነው ያሸነፈው። በእንዲህ ያለ ዓመት ወንበሩ ላይ የተገኘ ሰው መልአክም ቢሆን አይተርፍም። ስለዚህ ዋናው ነገር ያ ዓመት ሲመጣ ማን ተቀምጦ ይገኝ የሚለው ነው። መልሴ የተገላቢጦሽ ይመስላችኋል፦ ወግ አጥባቂነት እንዳይነግሥ ከፈለጋችሁ በ1976 ሪፐብሊካኑን ጄራልድ ፎርድን አስመርጡት።

ከባድም አይደለም። ካርተር ያገኘው 297 ድምፅ ነው፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270። 25 ድምፅ ያላትን ኦሃዮን የወሰደው በ11,116 ሰው ብልጫ፣ 4 ድምፅ ያላትን ሃዋይን ደግሞ በ7,372 ነው። ከነዚህ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለው ሐሳቡን ቢቀይር ካርተር 268 ላይ ይቀራል። 10,000 የማይሞላ ሰው ነው፤ የአዲስ አበባ ስታዲየምን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ፎርድ ካሸነፈ ታዲያ ሬገን በ1980 መምጣቱ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም፤ የሚመጣው ግን የፎርድን ዕዳ ተሸክሞ ነው። ፎርድ ድጋሚ መወዳደር አይችልም፤ ሥልጣን ከለቀቀው ከኒክሰን ዘመን ከሁለት ዓመት በላይ ስለገዛ በሕገ መንግሥቱ 22ኛ ማሻሻያ መሠረት የሚመረጠው አንዴ ብቻ ነው። ሬገን በ1976ቱ የካንሳስ ሲቲ ጉባኤ በ1,187 ለ1,070 ስለተረታ ተረኛው እሱ ነው። ግን በዚህኛው ታሪክ ፓርቲው 12 ዓመት በተከታታይ ገዝቷል፤ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ የዋለው ሰው ደግሞ የሚረግመው ገዢውን ነው። «ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ?» የምትለዋ የሬገን ዝነኛ ጥያቄ ከዴሞክራቱ አፍ ትወጣለች።

ጥያቄ፦ ዴሞክራቱ ማን ነው? ኬኔዲ?

መልስ፦ ቴድ ኬኔዲን ሁሉም ይመኘዋል። በ1969 ቻፓኩዊዲክ ላይ መኪናው ከድልድይ ወድቆ አብራው የነበረችው ወጣት የሞተችበትን ጉዳይ ሕዝቡ ረስቶለት ነበር ብዬ ግን አላምንም። የካርተር ምክትል የነበረው ሞንዴል ይበጃል። አሰልቺ ነው፤ ለዚያ ዓመት አሰልቺ ሰው ይበቃ ነበር።

ጥያቄ፦ ማንም ቢገባ የግሽበቱ መድኃኒት አንድ ነው፣ እሱም መራራ ነው። ሞንዴል ይውጠው ነበር?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ የታሪኬ ስስ ቦታ ይህ ነው። ፖል ቮልከር በ1979 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭን፣ ከያዘ በኋላ ወለዱን ሰቀለው፤ ባንኮች ለምርጥ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድ በ1980 መጨረሻ 21.5 በመቶ ደረሰ። በ1982 መገባደጃ ሥራ አጡ 10.8 በመቶ ሆነ። ሬገን ጥርሱን ነክሶ ቻለው፣ ግሽበቱ ወረደ፣ በ1984 ኢኮኖሚው ሲያገግም 49 ክፍለ ግዛቶችን ጠቅልሎ ወሰደ። (የተሸነፈውም ራሱ ሞንዴል ነበር፤ ታሪክ ቀልድ ያውቃል።)

አሁን ሞንዴልን በሬገን ወንበር አስቀምጡት። የዲትሮይት የመኪና ሠራተኛ ተባሮ፣ የመረጠው የሠራተኛ ማኅበር በየቀኑ በሩን እያንኳኳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቮልከርን ይታገሣል? ከታገሠ የ1984 ድል የሱ ነው፤ «መንግሥት አይችልም» የሚለው ወሬም ያኔ ይሞታል። ካልታገሠ ወግ አጥባቂዎቹ አራት ዓመት ዘግይተው መምጣታቸው ነው። እኔ ይታገሣል ባይ ነኝ፤ 60 ለ40።

ጥያቄ፦ ታጋቾቹን ለማስለቀቅ የተላኩት ሄሊኮፕተሮች ባይበላሹስ?

መልስ፦ ይህቺን ሁሌ ታነሡብኛላችሁ። ኤፕሪል 24 ቀን 1980 ስምንት ሄሊኮፕተሮች ኒሚትዝ ከተባለችው መርከብ ተነሡ። አንዱ የመዘውሩ ምላጭ የመሰንጠቅ ምልክት አሳይቶ በረሃ ላይ ተተወ፤ ሌላው አቧራ ውስጥ ገብቶ መሣሪያው ሲከዳው ተመለሰ። ስድስት ደረሱ። ከስድስቱ አንዱ ሃይድሮሊኩ ተበላሸ። ከስድስት ካነሱ ዘመቻው ይቅር ተብሎ ስለነበር ተሰረዘ፤ ሊመለሱ ሲሉ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር ተላትሞ ስምንት ወታደሮች ሞቱ። አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ ጎደለ፤ ለልብ ወለድ ትመቻለች። ግን ከዚያ በረሃ እስከ ኤምባሲው ግቢ ዋናው አደጋ ገና አልተጀመረም ነበር። ታጋቾቹ ቢመጡም ዳቦው ያው ውድ ነው።

ጥያቄ፦ በ1968 ከሪፐብሊካኑ ኒክሰን ይልቅ ዴሞክራቱ ሃምፍሪ ቢያሸንፍስ?

መልስ፦ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ድምፅ ገደማ ነው፤ 43.4 ለ42.7። ይህን በር የምወደው ለፍርድ ቤቱ ስል ነው። ኒክሰን በመጀመሪያው ዘመኑ አራት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሾመ። የሳን አንቶንዮ ድሃ ሰፈር ወላጆች «የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት በሰፈራችን የቤት ዋጋ ለምን ይወሰናል?» ብለው ከሰው ነበር። በ1973 በ5 ለ4 ተረቱ፤ ከአምስቱ አራቱ የኒክሰን ሹመኞች ነበሩ። አሜሪካ ቤት ስትገዙ መጀመሪያ «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» የምትሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላው ግን ኒክሰን የምታስቡትን ያህል ቀኝ አልነበረም፤ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን በ1970 ያቋቋመው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ካርተር ባይመረጥ ደርግ ወደ ሶቪየት ባልሄደ ይባላል። በእርስዎ ታሪክ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው ይተርፋል?

መልስ፦ አይተርፍም። ደርግ ከሞስኮ ጋር የመሣሪያ ስምምነት የፈረመው በ1976 መጨረሻ፣ ካርተር ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ነው። ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሲገደሉ ካርተር ዋይት ሐውስ ከገባ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ዕርዳታ መቁረጡ ነገሩን አፋጠነው እንጂ አልፈጠረውም።

ይልቅስ ጥያቄውን ገልብጡት፦ ኦጋዴን አሜሪካን ምን አደረጋት? የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ወደኛ ሲጎርፍ ዋሽንግተን ውስጥ «ካርተር ለስላሳ ነው» የሚለው ወገን ጉልበት አገኘ። የካርተር የደኅንነት አማካሪ ብሬዚንስኪ ራሱ፣ የኑክሌር መሣሪያ ገደብ ስምምነቱ የተቀበረው ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ነው ብሏል። ጅጅጋ ላይ የተዋጋው ሰው ለሬገን የምርጫ ዘመቻ እንጨት እያቀበለ እንደነበር በምን ያውቃል? በኔ ታሪክ ያ እሳት የሚያቃጥለው ፎርድንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ኪሲንጀርን ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ስደተኞቹስ? የበለጠ ሰው ይገባ ነበር?

መልስ፦ አትቸኩሉ። እስከ 1965 ድረስ የኢትዮጵያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ያን አሠራር የሻረው ዴሞክራቱ ጆንሰን ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ የካርተር ፊርማ አለበት። ዲቪን ያመጣው የ1990ው ሕግ ግን የትልቁ ቡሽ ፊርማ ነው። ዲቪ ወጥቶላችሁ የሄዳችሁ፣ በኔ ታሪክ ምናልባት አሁንም አገር ቤት ናችሁ። ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሜሪካ ስዊድንን ትመስል ነበር?

መልስ፦ አትመስልም። በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት ግብርን 1 በመቶ ላይ የገደበው ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሰው ደገፈው። ጡረታው ያው ሆኖ ቤቱ ስለተወደደ ብቻ ግብሩ ያሻቀበበት ሽማግሌ የፓርቲ መታወቂያውን አላየም። የአውሮፕላን ትኬት ዋጋን ከመንግሥት እጅ ያወጣው ሕግም የኬኔዲና የካርተር ሥራ ነው። ፈረንሳይ ሶሻሊስቱን ሚተራንን በ1981 መርጣ በ1983 እሱው ቀበቶ አስጠበቃት። ነፋሱ የዓለም ነበር። የከፍተኛ ገቢ ግብር ግን ከ70 ወደ 28 በመቶ አይወርድም ነበር፤ 50 አካባቢ ይቆማል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ትራምፕስ?

መልስ፦ ሕንፃ ይሠራል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የሠራተኛ ማኅበራትስ? እነሱን የሰበረ ሬገን አይደለም?

መልስ፦ መሰንጠቅ የጀመሩት ከሱ በፊት ነው። በ1978 የማኅበራት አደረጃጀትን የሚያቀልለው ረቂቅ ዴሞክራቶች በሰፊ ብልጫ በያዙት ሴኔት ውስጥ በንግግር ብዛት ታፍኖ ሞተ። ከዚያ ኦገስት 1981 መጣ፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቆሙ፣ ሬገን 48 ሰዓት ሰጣቸው፣ ከ11,000 በላይ ሰው አባረረ። በ1980ው ምርጫ ማኅበራቸው የደገፈው ደግሞ ሬገንን ነበር።