ኮንትሮባንድ ሲጋራ በምን ይቆጠራል? ጠይቁኝ

ባዶ የሲጋራ ፓኬት ከመንገድ እየለቀመ በከረጢት የሚሞላ ሰው አይታችሁ “ምን ነካው?” ካላችሁ፣ ምናልባት እኔ ነበርኩ። ሥራዬ በትልልቅ ከተሞች ስንቱ ሲጋራ ታክስ ሳይከፈልበት እንደሚጨስ መለካት ነው። እስቲ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኮንትሮባንዲስት መጠይቅ አይሞላም። ታዲያ እንዴት ትለኩታላችሁ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አይሞላም። ስለዚህ ሻጩን ትተን አጫሹን እንይዛለን። አጫሾች ስንት ፍሬ እንደሚያጨሱ ይጠየቃል፤ ከዚያ ታክስ ተከፍሎበት ከተሸጠው ጋር ይነጻጸራል። የተጨሰው ከበለጠ ትርፉ በጓሮ በር ገብቷል። ችግሩ ሰው ሲጋራውን ሲቆጥር እጁ ያጥርበታል። በቀን አሥር የሚያጨሰው “አምስት” ይልሃል። ውሸቱ ከዓመት ዓመት እኩል ከሆነ ግን ለውጡ ይታያል። እኔም ከመጠኑ ይልቅ አቅጣጫውን ነው የማምነው። ለአንድ ከተማ ብቻ ግን ይህ ሂሳብ አይመችም። ከተማ ውስጥ የተሸጠው ሁሉ እዚያው አይጨስምና።

ጥያቄ፦ ፓኬት መልቀሙስ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ፓኬት አይዋሽም። መንገዶቹን በዕጣ ትመርጣለህ፤ “ቆሻሻ የበዛበት እንሂድ” ማለት ክልክል ነው። ያገኘኸውን ሁሉ ታነሳለህ፣ የተጨማደደውንም ጭምር። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ታክስ መከፈሉን የሚያሳየውን የታክስ ቴምብር፣ የጤና ማስጠንቀቂያውን፣ የተጻፈበትን ቋንቋ ታያለህ።

ቺካጎ ውስጥ እንዲህ ተለቅሞ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ፓኬት የከተማዋ ቴምብር አልነበረበትም። እዚያ ቴምብሩ የሚለጠፈው ላስቲኩ ላይ ነው። አጫሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀደው ላስቲኩን ነው! ላስቲኩ የወለቀ ፓኬት ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ ከቁጥሩ ይወጣል። ይህን ያልለየ ሰው ግማሽ ከተማ ኮንትሮባንዲስት ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ቴምብር የሌለው ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መንገደኛ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ታክሱ ዝቅ ካለበት አጎራባች ግዛት ለራሱ ያመጣም አለ። ቺካጎም ታክሱ ዝቅ ያለባት የኢንዲያና ግዛት አጠገቧ ናት። በተቃራኒው ቴምብሩ ራሱ ፎርጅድ የሆነበት ፓኬት ንጹህ መስሎ ያልፋል። ቁጥሩ ወደ ሁለቱም በኩል ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ እኔ በፍሬ ነው የምገዛው። የት እገባለሁ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። አንቺ ፓኬት አትጥዪም፤ የሚጥለው ሻጩ ነው። ስለዚህ በፍሬ በሚሸጥበት ሰፈር ጎዳናው ላይ የምናገኘው ከሚጨሰው ያነሰ ነው። እዚያ ሻጮች ባዶውን እንዲያስቀምጡልን እንጠይቃለን፣ ዋጋም እናያለን። ፓኬቱ ከታክሱ በታች ከተሸጠ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጉምሩክ የያዘው አይበቃም?

መልስ፦ የተያዘው የሚነግርህ ስለ ፍተሻው ነው። ፍተሻ ሲጠብቅ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ንግዱ ግን ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሲጋራ ኩባንያዎች የሚያወጡት ቁጥር ለምን ከፍ ይላል?

መልስ፦ “ታክስ ከጨመራችሁ ኮንትሮባንድ ይጥለቀለቃል” ለማለት ይመቻቸዋላ! ገለልተኛ ጥናቶች ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያገኙት። ብሪታንያን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ከአምስት ሲጋራ አንዱ ገደማ ሕገወጥ ነበር። ታክሱ እየጨመረ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ቁጥር ወደ ግማሹ ወረደ። እኔ ጥናት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ማን እንደከፈለና ፓኬቱ ከየት እንደተለቀመ ነው። ያ ካልተጻፈ አላነበውም።

ጥያቄ፦ እጅህ አይሸትም?

መልስ፦ ጓንት አለ ወንድሜ። ከዝናብ በኋላ ግን አንለቅምም። ሽታውን ፈርተን አይደለም፤ ቀለሙ ስለሚለቅ ቴምብሩ አይነበብም።