ፊርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ካርታውን ዘርጉ

በከተማ ወይም በካውንቲ ፕላን ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ፣ በተለይ በፍሎሪዳ ለምትኖሩ ወጣቶች፦

አንድ ባለይዞታ «መሬቴ ወደ ከተማው ይጠቃለልልኝ» ብሎ ማመልከቻ ሲያመጣ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። እሱ ወዷል፣ ከተማው ግብር ያገኛል፣ ማን ይከፋል? በሰፊ ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። መግቢያና መውጫዋ አንድ መንገድ ብቻ በሆነ ደሴት ላይ ግን አንዲት ቁራሽ መሬት የሰፈሩን ሁሉ ነገር ታዛባለች።

የፍሎሪዳ ደሴቶች የሆኑትን ሳኒበልንና ካፕቲቫን በካርታ ላይ ፈልጓቸው። ሳኒበል በ1963 እ.ኤ.አ. ከዋናው ምድር ጋር በመንገድ ተገናኘች፤ ነዋሪዎቿ የግንባታው ብዛት አስፈርቷቸው በ1974 የራሳቸውን ከተማ አቋቋሙ። ጎረቤቷ ካፕቲቫ ግን እስከ ዛሬ የራሷ ከተማ ሳትሆን በቀጥታ በሊ ካውንቲ ሥር ናት። በመኪና ወደ ካፕቲቫ የሚሄድ ሰው የግድ ሳኒበልን አቋርጦ ነው። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ያንን መንገድ ሲቆርጠው ሁለቱም አብረው ተቆረጡ። ወሰናቸው ለየብቻ ነው፣ መንገዳቸው ግን አንድ ነው። የደሴት አስተዳደር ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሕጉ። የፍሎሪዳ ሕግ ምዕራፍ 171 ከ1974 ጀምሮ መሬትን ወደ ከተማ ለመጠቅለል ሁለት መንገድ ይዟል። አንደኛው በከተማው አነሳሽነት የሚሄደውና ሕዝበ ውሳኔ የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው የፈቃደኝነት መንገድ ነው፦ የመሬቱ ባለቤቶች በሙሉ ይፈርማሉ፣ ምክር ቤቱ ደንብ ያወጣል፣ አለቀ። ድምፅ የሚሰጥ የለም። በዚያ ቤት የተከራየው ሰውም፣ አጥሩን የሚጋራው ጎረቤትም አይጠየቅም። (የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ ይህ አሠራር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ እዚያ ወሰን ከላይ ይመጣል፣ እዚህ ከባለመሬቱ ፊርማ ይነሳል።) የካውንቲው ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጉ፣ የራሱን ብቸኛ የመጠቅለያ መንገድ ከደነገገ ይህ የፈቃደኝነት መንገድ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነበበው ቻርተሩ ነው።

«በሙሉ» የምትለውን ቃል አትለፏት። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ቤት የሁለቱንም ፊርማ ይፈልጋል። ወራሾች ያልተከፋፈሉት መሬት የሁሉንም ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነማ 60 ቤት ማለት 60 ባለቤት ነው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለፈረመ በቃ ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ለከተማው ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን አቅርቡት። የባለቤትነት ማስረጃው ማመልከቻው በገባበት ሳምንት የወጣ ይሁን። ከስድስት ወር በፊት በወጣ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ማመልከቻ፣ መሬቱ በመሀል ከተሸጠ ዋጋ የለውም።

ካርታው ላይ ሦስት ነገር ይታያል። መሬቱ ከከተማው ጋር ኩታ ገጠም መሆን አለበት፤ የወሰኑ ጉልህ ክፍል ከከተማው ወሰን ጋር መግጠም አለበት። በመሀል መንገድ ወይም ውሃ ቢኖር ብቻውን አያግድም፤ ነገር ግን ያ ውሃ አገልግሎት እንዳይደርስ ወይም ሰው እንዳይገናኝና እንዳይገበያይ የሚያደርግ መሆን የለበትም። ጠባብ የውሃ መተላለፊያ በላዩ ድልድይ ካለው አንድ ነገር ነው፣ በጀልባ ብቻ የሚሻገሩት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ መሬቱ የተሰበሰበ ይሁን፤ ሕጉ እንደ ጣት የረዘመና እንደ እባብ የተጠማዘዘ ወሰን አይወድም።

ሦስተኛው የደሴት ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነው፦ የተከበበ ኪስ መፍጠር ክልክል ነው። ብዙዎች ኪስ ማለት በአራቱም በኩል በከተማ የታጠረ ብቻ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን በአንድ ከተማና በተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ መሰናክል የታጠረ፣ መኪናም በከተማው በኩል ብቻ የሚገባበት የለማ ሰፈርንም ኪስ ይለዋል። ባሕር መሰናክል ነው። በደሴቱ ወገብ ላይ ያለ አንድ ሆቴል ከዳር እስከ ዳር ወደ ከተማው ሲጠቃለል፣ ከሱ ወዲያ ያለው የደሴቱ ጫፍ ሳይታሰብ ኪስ ሆኖ ይቀራል። ይህንን በጣታችሁ ካርታው ላይ መንገዱን እየተከተላችሁ አጣሩ፤ ኮምፒውተር ላይ የመሬቱን ቅርጽ ብቻ ብታዩ አይገለጥላችሁም።

የባሕሩንም ዳር አትርሱ። በፍሎሪዳ የግል መሬት የሚያበቃው የባሕር ሙላት በአማካይ በሚደርስበት መስመር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የስቴቱ ነው። የወሰን ጽሑፉ እዚያ መስመር ላይ ከቆመ፣ ቤቱ በከተማው ውስጥ ሆኖ የጀልባ ማቆሚያው ውጭ ይቀራል። ማታ እዚያ ጠብ ሲነሳ የማን ፖሊስ ይምጣ?

ስለ ገንዘቡ ለባለቤቱ እውነቱን በቁጥር ንገሩት። አንድ ሚል ማለት በየ1,000 ዶላር ግብር የሚከፈልበት ዋጋ 1 ዶላር ነው። ለምሳሌ ቤቱ ግብር የሚከፈልበት ዋጋ 400,000 ዶላር፣ የከተማው ተመን 3 ሚል ቢሆን 1,200 ዶላር ይጨመርበታል። ካውንቲው ከከተማ ውጭ ላሉት ብቻ የሚያስከፍለው 1 ሚል ካለ 400ው ይቀርለታል፤ የካውንቲው ዋና ግብር ግን አይቀርም። ብዙ ሰው ከተማ ሲገባ የካውንቲ ግብር የሚቆምለት ይመስለዋል። የፍሳሽ መስመር ከመጣለትም፣ በጽሑፍ ከተነገረው በ365 ቀን ውስጥ ቤቱን ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ግዴታው ነው። ከተማውም ቢሆን አይቸኩል፦ ከስቴቱ በሕዝብ ብዛት የሚከፋፈለው ገቢ የሚቆጥረው ቋሚ ነዋሪን ነው፤ የቅዝቃዜውን ወራት ብቻ የሚያሳልፉት እንግዶች ቆሻሻቸው ይነሳል እንጂ አይቆጠሩም።

የቀኑን ስሌት በወረቀት ጻፉት። ደንቡ ሊወጣ መሆኑን ለሕዝብ የሚገልጸው ማስታወቂያ ቅጂ ለካውንቲው ኮሚሽነሮች በአደራ ደብዳቤ የሚላከው ማስታወቂያው ከመውጣቱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ይህ ከተዘለለ ደንቡን በፍርድ ቤት ማፍረስ ይቻላል። ከዚያ ማስታወቂያው በሳምንት አንዴ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ይወጣል፤ ካርታና የደንቡ ቁጥር ይኑርበት። እንግዲህ ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲወጣ ቢያንስ 17 ቀን አልፏል። ደንቡ ከጸደቀ በ7 ቀን ውስጥ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪና ለፍሎሪዳ ዲፓርትመንት ኦፍ ስቴት ይገባል። ተጎዳሁ የሚል ወገን ለመክሰስ 30 ቀን አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የግንባታ ፈቃድ ለመስጠት አትጣደፉ።

ለነገሩ ፈቃዱም ቢሆን በከተማው ደንብ ወዲያው አይሰጥም። ከተማው ማስተር ፕላኑን አሻሽሎ መሬቱን እስኪያካትት ድረስ የሚሠራው የካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ነው። የ911 የአድራሻ ዝርዝር በዚያው ሳምንት ይታረም፤ ጥሪው ወደ ተሳሳተ የአምቡላንስ ጣቢያ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው ድርጅት ደግሞ ከካውንቲው ጋር ብቸኛ ውል ከነበረውና ውሉ መጠቃለሉ ከመጀመሩ ቢያንስ ከ6 ወር በፊት የተጀመረ ከሆነ፣ እስከ 5 ዓመት ወይም ውሉ እስኪያልቅ፣ ከሁለቱ በሚያጥረው፣ መቀጠል ይችላል። ስለዚህ የከተማው መኪና በዚያ በር እያለፈ ቆሻሻውን ሳያነሳ ሲሄድ የሚያየው ነዋሪ ስልክ ይደውልላችኋል፤ መልሱን አስቀድማችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስልክ ለሚያነሳው ሠራተኛ ስጡት።